የጓሮ ቲማቲም ሲታመም

ቦሌ ቡልቡላ ቤታችን ተጠናቆ ስንገባ ከግንባታው የተረፈችው መሬት ከ40 ካሬ ሜትር አትበልጥም ነበር፡፡ ባለቤቴ ሣር ይተከልባት አለች፤ እኔ ቲማቲም አልኩ፡፡ በ2012 ዓ.ም ኮሮና ቤት ሲያውለን ክርክሩን አሸነፍኩና በግንቦት መጨረሻ 18 ችግኞች ተከልኩ፡፡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቁመታቸው ደረቴ ደርሶ፣ አረንጓዴ ፍሬ ተንዠርግጎባቸው በአጥር ላይ ጎረቤት እየጠራሁ ማሳየት ጀምሬ ነበር፡፡ አንድ ሐሙስ ማለዳ ጥቂት ቅጠሎች ላይ የፈላ ውኃ የተደፋባቸው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ፡፡ «ዝናቡ ነው» ብዬ ወደ ኮምፒዩተሬ ተመለስኩ፡፡ በሳምንቱ ሐሙስ ከ18ቱ አንድም ደህና አልቀረም፡፡ ግንዱ ጠቁሯል፣ ቅጠሉ እንደተቃጠለ ወረቀት ተጨማዷል፣ ፍሬው ደግሞ ከትከሻው ጀምሮ ቡናማ ሆኗል፡፡

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተክያለሁ፡፡ ያጣሁትም ያተረፍኩትም አለ፡፡ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ስላለኝ ጥያቄዬን ሁሉ እሱ ላይ ሳራግፍ ኖሬያለሁ፡፡ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በሠፈራችን እንደ እኔ በጓሮ፣ በበረንዳና በኮንዶሚኒየም ደጃፍ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልተው ቲማቲም የሚተክሉ ሰዎች እየበዙ ስለመጡ፣ የሚሠሩትም ስህተት የእኔው ዓይነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው፡፡ ስህተቱ ተክሉን ምን እንደያዘው ሳያውቁ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ነው፡፡

ቡልቡላ መቂ አይደለችም

ከገበያ የምንገዛው ቲማቲም በአብዛኛው የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ ነው፡፡ መቂ፣ ባቱ፣ ቆቃና የአዋሽ ዳር እርሻዎች ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኙ፣ ሞቃትና በመስኖ የሚለሙ ናቸው፡፡ ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፡፡ በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቅልሎ የሚወርድ ነው፡፡ ቲማቲም የሚወደው ሙቀትና ደረቅ ቅጠል ነው፡፡ እኛ በክረምት የምንሰጠው ብርድና ርጥብ ቅጠል ነው፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ደግሞ ብርዱ ሲጠና አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፡፡ ይህ በሽታ አይደለም፤ ምንም ቢረጩበትም አይመለስም፡፡

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው፡፡ የቡልቡላ አፈር በአብዛኛው መረሬ ነው፡፡ ቀድሞ እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው፡፡ የመጀመሪያውን ክረምት ኪሳራዬን አይተው «ልጄ፣ ይኼ መሬት ክረምት ይሰጥማል፣ በጋ ይሰነጠቃል፡፡ አትክልትህን ከፍ አድርገህ ነው ማስቀመጥ» አሉኝ፡፡ ያኔ እንደ ተራ ምክር ነበር የሰማኋቸው፡፡ በኋላ ጓደኛዬ በሳይንስ ቋንቋ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዳኝ ያንኑ ነው፡፡ መረሬ ውኃ ሲጠግብ አየር ይዘጋል፤ ሥር ይታፈናል፤ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስል ይጠወልጋል፡፡ ሲደርቅ ደግሞ እየተሰነጠቀ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል፡፡ በእኛ ሠፈር «በሽታ ነው» ከሚባለው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ከዚህ የሚመጣ ነው፡፡

18ቱን የጨረሰው

የእኔን ቲማቲም በአንድ ሳምንት የጨረሰው በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ሌት ብላይት፣ በአማርኛ ምች የሚባለው ነው፡፡ ዳማ ከሴ ከሚታሽለት የሰው ምች ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም፡፡ አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፡፡ ሻጋታ ይመስላል እንጂ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ በዝምድና ለውኃ አልጌዎች የሚቀርብ ፍጡር ነው፡፡ ይህ ነገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አውድሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለቀበትን ረሃብ ያመጣው ነው፡፡ በአገራችንም የደጋ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል፡፡ ብዙ ድንች አምራቾች በዋናው ክረምት መትከል ትተው ወደ በልግና ወደ መስኖ የዞሩት በእሱ ምክንያት ነው፡፡ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉ የድንች ዝርያዎችም ይህን በሽታ እንዲቋቋሙ ታስበው የተመረጡ ናቸው፡፡ ድንችና ቲማቲም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ የአንዱ ምች የሌላውም ነው፡፡

ምልክቱን ለማወቅ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ፡፡ በነጠብጣቡ ዙሪያ ስስ ነጭ ሽበት የመሰለ ነገር ካዩ ጥርጥር የለውም፡፡ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፤ ከሥራ መልስ የሚፈትሽ ሰው የማያገኘውም ለዚህ ነው፡፡ ግንዱ ላይ ቡናማ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቁስል ይወጣል፡፡ ፍሬው ላይ ደግሞ ዘይት የነካው የሚመስል ጠንካራ ቡናማ ንጣፍ ይታያል፤ ሲነኩት አይረግብም፡፡ አየሩ ከተመቸው ዘሩ ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጠብጣቡ ይወጣል፤ ከአንድ ነጠብጣብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች በነፋስ ይበተናሉ፡፡ አጥር አይከለክላቸውም፡፡

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፡፡ እንደ ብዙው የከተማችን ነዋሪ ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጣውም ማታ ነበር፡፡ እኔም ውኃው መጣ ብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በጎማ ከላይ እስከ ታች አጥባቸው ነበር፤ ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት እንኳ ማለት ነው፡፡ ምች የሚፈልገው ቅጠል ላይ ለረጅም ሰዓታት የሚቆይ ርጥበት ነው፡፡ ሌሊቱን በሙሉ እኔው አዘጋጀሁለት፡፡ ችግኞቹን ደግሞ መሬቷን ለመጠቀም ብዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር የተከልኳቸው፡፡

ምች የሚመስሉ ሌሎች

ሁሉም ነጠብጣብ ምች አይደለም፡፡ አልተርናሪያ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ቀደም ብሎ የሚከሰተው ምች ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል፡፡ ነጠብጣቡ እንደ ዒላማ ሰሌዳ ክብ በክብ ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፡፡ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለሳምንታት የመታገያ ጊዜ ይሰጣል፡፡ ሴፕቶሪያ የሚባለውም ከታች ይጀምራል፤ የእሱ ነጠብጣብ ግን ትናንሽ፣ መሐሉ ግራጫ፣ ጥቁር ነቁጥ ያለበት ነው፡፡ ሁለቱም በወደቁ ቅጠሎች ላይ ይከርሙና ዝናብ አፈር እየረጨ ወደ ታችኛው ቅጠል ያወጣቸዋል፡፡ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ነገር ደግሞ የደረቅ ወራት እንግዳ ነው፤ አሳሳቢነቱም ያነሰ ነው፡፡

ተክሉ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን፣ ምንም ነጠብጣብ ሳይታይበት በድንገት ከጠወለገ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፡፡ አንደኛው ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የውኃ መቋጠር ነው፡፡ በጣትዎ ሥሩ አጠገብ ቆፍረው አፈሩ እንደ ሊጥ ከሆነ ቦይ ይክፈቱለት፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፡፡ ሁለተኛው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፡፡ እሱን የሚለዩበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፡፡ ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብለው ይቁረጡና ቁራጩን ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክረው ሳይነቀንቁ ይያዙት፡፡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው ነው፡፡ ይህ ዘር በ2004 ዓ.ም አካባቢ በደቡብ የአገራችን ክፍል የዝንጅብል ማሳን ያወደመው ወገን ነው፡፡ ቤት ውስጥ የሚረጭ ፈውስ የለውም፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል፡፡ ተክሉ ከነሥሩና ከዙሪያው አፈር ጋር ወጥቶ መወገድ አለበት፤ በዚያ ቦታም ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ለዓመታት አይተከልም፡፡

ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተክሉ ከቀነጨረ ነጭ ዝንብ የምታስተላልፈው ቫይረስ ነው፡፡ ለቫይረስ መድኃኒት የለም፤ ያለው መንቀልና ዝንቧን መቀነስ ነው፡፡ ቅጠል ውስጥ ገላጣ መንገድ ከታየ፣ ፍሬውም በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካለው ግን ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ወገን ናት፡፡ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ በኩል አድርጋ ወደ እኛ ከገባች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፡፡ በጓሮ ደረጃ የተበላውን ቅጠል ለቅሞ በላስቲክ አፍኖ ፀሐይ ላይ ማዋል ብዙ ይረዳል፡፡

ልጄ የበላችው ቲማቲም

በ2013 ዓ.ም በበጋ ተከልኩ፡፡ ቅጠሉ አማረ፤ ሚያዝያ ላይ ግን ፍሬዎቹ ከታች ጫፋቸው መጥቆርና መሰርጎድ ጀመሩ፡፡ አሁን ሳልዘገይ እደርስበታለሁ ብዬ የተበላሸውን ፍሬ ይዤ ወደ አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ፡፡ ሻጩ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ፈንገስ ነው» አለኝ፡፡ ከትልቅ ከረጢት ውስጥ ቢጫ ዱቄት ቀንሶ በፌስታል ሰጠኝ፡፡ «ሁለት ማንኪያ በባልዲ» አለ፡፡ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፡፡ በሁለተኛው ማግስት ጠዋት የ4 ዓመት ልጄ ጓሮ ገብታ አንድ የቀላ ቲማቲም ቀጥፋ፣ ሳታጥብ ስትበላ ደረስኩ፡፡

ጓደኛዬ ዘንድ ደወልኩ፡፡ የመጀመሪያ ጥያቄው «የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?» የሚል ነበር፡፡ አላውቅም፡፡ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ሐኪሟም የጠየቀችን ያንኑ ነው፡፡ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልጄ በአፏ ያስገባችውን ነገር ስም ለሐኪም መንገር አለመቻሌን ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም፡፡ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቷ ምንም አልሆነችም፡፡

የሚያሳዝነው ደግሞ ፍሬው ከመነሻውም በሽታ አለመያዙ ነው፡፡ የታችኛው ጫፍ መጥቆር የሚመጣው ፍሬው ውስጥ ካልሲየም ሲያጥር ነው፡፡ ካልሲየሙ አፈር ውስጥ የጠፋ ሆኖ አይደለም፤ ውኃ ሲቆራረጥ ወደ ፍሬው መጓዝ ስለማይችል ነው፡፡ መረሬው ይሰነጠቃል፣ ፈረቃችን ሲደርስ አጥለቀልቀዋለሁ፣ እንደገና ይሰነጠቃል፡፡ የፈረደብኝ ይኸው ነው፡፡ የእንቁላል ቅርፊት ቅበሩበት የሚሉም አሉ፤ ጉዳት የለውም፣ ግን ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም፡፡ መፍትሔው በየጊዜው እኩል መጠን ውኃ መስጠትና መሬቱን በጉዝጓዝ ማልበስ ነው፡፡

ስለ መድኃኒቶቹ እንግዲህ በአጭሩ፡፡ እኛ አገር ለምች የሚሸጡት በዋናነት ማንኮዜብ፣ የኮፐር ውሕዶችና ሪዶሚል የመሳሰሉት ናቸው፡፡ ማንኮዜብና ኮፐር ቅጠሉን ከላይ የሚሸፍኑ መከላከያዎች ናቸው፤ ከታመመ በኋላ አያድኑም፡፡ ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ወደ ተክሉ ይዘልቃል፤ ነገር ግን በአውሮፓ ገና በ1980 እ.ኤ.አ. ምቹ ተላምዶት ተገኝቷል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ወስኗል፡፡ ማንኮዜብ ሲበሰል ኢቲዩ ወደሚባል ጎጂ ነገር የሚለወጥ መሆኑን ስሰማ የማንኪያውን ልኬት አስታወስኩ፡፡ በሕጉ መሠረት ፀረ ተባይ የሚሸጠው ተመዝግቦ፣ ገላጭ ጽሑፍ ተለጥፎበት ነው፡፡ በፌስታል የሚሰፈር ዱቄት ላይ ግን ስም፣ መጠን፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም እንደሚቆይ፣ ጊዜው ያለፈበት ይሁን አይሁን የሚነበብ ነገር የለም፡፡ ስለዚህ መርጨት ግድ ከሆነ የታሸገውን ይግዙ፤ ጽሑፉን ያንብቡ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይርጩ፡፡ የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡ፡፡ ልጅ ወይም እንግዳ ውኃ መስሎት ያነሣዋል፡፡

አመድ ስለመነስነስ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፡፡ ምችን አያቆምም፡፡ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ መርጨት በብራዚል በዝኩኒ ላይ ተሞክሮ ነጩን ዱቄት እንደሚቀንስ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ በአሁኑ የወተት ዋጋ ግን ቲማቲሙን መግዛት ሳይሻል አይቀርም፡፡

ዛሬ እንዴት እንደምተክል

ዋናው ውሳኔ ወቅቱ ነው፡፡ ታኅሣሥ ላይ በትንሽ ሣጥን አፈልቼ፣ የጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ አዛውራለሁ፡፡ በእኔ ልምድ ዋናው ፍሬ በግንቦት ይደርሳል፤ ክረምቱ ሳይጠና አብዛኛውን ለቅሜ እጨርሳለሁ፡፡ ዘር ስገዛ በዝርያው ስም አጠገብ ያሉትን ፊደላት አያለሁ፡፡ ለምሳሌ ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ቪውና ኤፉ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን ሁለት የሥር በሽታዎች መቋቋሙን የሚናገሩ ናቸው፤ ምችን ይቋቋማል ማለት ግን አይደለም፡፡ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም በአገራችን የታወቁ ናቸው፡፡ ትናንሽ ፍሬ የሚሰጡት የቼሪ ቲማቲሞች ደግሞ ብርዱን ከትልልቆቹ ይልቅ ሲችሉ አይቻለሁ፡፡

መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ መረሬውን ከብስባሽና ከቀይ አፈር ጋር ቀላቅዬ እሠራዋለሁ፡፡ የጋሼ ምክር ማለት ነው፡፡ በችግኞቹ መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ አንድ ተክል በአንድ እንጨት አስሬ፣ በግንድና በቅርንጫፍ መጋጠሚያ የሚወጡትን ቡቃያዎች እየቆነጠርኩ ንፋስ እንዲያልፍ አደርጋለሁ፡፡ ተክሉ ሲያድግ ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያሉትን ቅጠሎች አነሣለሁ፤ ከሥሩም የጤፍ ጭድ እጎዘጉዛለሁ፡፡ አፈር እንዳይረጭ፣ መረሬውም እንዳይሰነጠቅ ይጠቅማል፡፡ ውኃ የምሰጠው ጠዋት፣ ከሥር ብቻ ነው፡፡ ማታ የመጣውን በጄሪካን ይዤ አሳድረዋለሁ፡፡ ለሥራ ቀናት የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቼ፣ ቂጡን ቆርጬ ከሥሩ አጠገብ ገልብጬ እተክለዋለሁ፤ ሞልቶ መሄድ ነው፡፡

በክረምት የግድ እተክላለሁ ለሚል ሰው ከየትኛውም መድኃኒት የሚበልጠው ግልጽ ላስቲክ ነው፡፡ አራት ቋሚ፣ ከላይ ዘንበል ያለ የላስቲክ ጣሪያ፣ ጎኖቹ ክፍት፡፡ ጎኑን መዝጋት ርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፡፡ በረንዳ ላይ በከረጢት የሚተክሉ ሰዎች የጣሪያውን ከለላ በነፃ አግኝተዋል፤ የእነሱ ፈተና የውኃ መቆራረጥ ብቻ ነው፡፡

ቦታ ማፈራረቅ ለ40 ካሬ ሜትር ባለቤት ቀላል አይደለም፡፡ እኔ መደቧን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ጎመን፣ ሽንኩርትና ፎሶሊያ እያስገባሁ አዟዙራለሁ፡፡ ከማእድ ቤት ከተጣለ ልጣጭ የሚበቅል ወፍ ዘራሽ ድንች፣ በአጥር ጥግ የሚወጣ እምቧይና አስተናግር ደግሞ ሁሉም የቲማቲም ዘመዶች ስለሆኑ በሽታና ተባይ ሊያስጠልሉ ይችላሉ፤ እነቅላቸዋለሁ፡፡

ምቹ ከታየ ያው ቀን ነው የሚሠራው፡፡ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ የታመመውን ተክል ነቅለው በከረጢት ቋጥረው ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ወይም ግማሽ ሜትር ቆፍረው ይቅበሩት፡፡ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ባዶ ቦታ ላይ አይጣሉት፡፡ መቁረጫውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተቀላቀለበት ይጠቡት፡፡ ነጠብጣብ የሌለባቸው አረንጓዴ ፍሬዎች ተለቅመው ቤት ውስጥ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ወረቀት ላይ ሊቀሉ ይችላሉ፤ በየቀኑ እያዩ የጠቆረውን ማውጣት ነው፡፡ ባለፈው ሐምሌ በላስቲኩ ጠርዝ፣ ዝናብ በሚደርስባቸው ሦስት ተክሎች ላይ ነጩን ሽበት ጠዋት አየሁት፡፡ ምሳ ሰዓት ላይ ነቀልኳቸው፤ ማታ ጋሼ ቤት ሄጄ ድንቻቸውን እንዲያዩ ነገርኳቸው፡፡ የቀሩት ስድስቱ እስከ መስከረም አፈሩ፡፡